መጨረሻ የሚሳፈረው

ኮምቦልቻ፣ ግንቦት ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ውድ የሱፍ፣

ጤናህን ከመጠየቄ በፊት ልቆጣህ። ወደ አሰብ በወረደ ሹፌር ሁሉ ቃል ልኬብህ ነበር። አንዱን በልመና፣ አንዱን በሲጋራ፣ አንዱን ደግሞ የሚስቴን የሥርጉትን ዶሮ አሳርጄ «ደረሶቹ ጓደኞችህ ኮምቦልቻ ናቸው፤ በሰላም ተመልሰዋል በሉት» አልኳቸው። አንተ ግን «የመንገድ ወሬ ነው፤ ሰዎቼን በዓይኔ ሳላይ ከዚህ ወደብ አልነሣም» ብለህ መለስክ አሉ። እሺ፣ የኔ ቃል ወሬ ከሆነ ይኸው በወረቀት መጣሁብህ። ጽሕፈቱን እይ። ይህን አንገቱ የተጣመመ «መ» ቦርከና ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ስጽፍልህ «ግመል ነው ወይስ ፊደል?» ብለህ የሳቅህበት ነው። አንተ አሊፍን ልታስተምረኝ፣ እኔ ሀ ሁን ላስተምርህ ተስማምተን፣ አንተ የኔን ጨረስክ፤ እኔ ግን ካንተ አሊፍ አላለፍኩም።

የምታውቀውንም ብደግምልህ ታገሠኝ። እናትህ እትዬ ኡሙሰልማ አጠገቤ ተቀምጠው የምጽፈውን ሁሉ እያስነበቡኝ ነው። ፊት ሌላ ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ እሱን አስቀደዱኝና «ልጄ እንዳይጠራጠር ከመነሻው ጻፍለት» አሉኝ።

መነሻው ያስተማሯችሁ ሸህ በሺር ናቸው። በበጋው ከቢስቲማ ወርደው ደጄ ላይ ቆሙ። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ «ብሩ፣ ልጆቼ ባሕር ተሻግረው ዘቢድ ኪታብ ሊቀሩ፣ ሊማሩ ነው» አሉኝ። «የኔ ሸህ በዘመናቸው ሲሄዱ በግመል ነበር፤ አብሯቸው ከወጣው ደረሳ ግማሹን በረሃው በላው። አንተ ዛሬ የመኪና ሰው ሆነሃል አሉ። በአላህ ይሁንብህ፣ እኒህን ልጆች ከባሕሩ አፍ አድርስልኝ። የመኑ ከዚያ ወዲያ ቅርብ ነው።»

የመኪና ሰው መሆኔን እኔም የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኔ በቅሎ አከራይ ነበርኩ። ጣሊያን ይህን የአሰብ መንገድ ሲዘረጋ በቅሎዎቼ ሥራ ፈቱ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ሥራ ከመፍታት ብዬ የጭነት መኪኖቹ የሚያድሩበት ሜዳ ዳር መቆም ጀመርኩ። ነገሩ ከባድ አይደለም። ካሚዮኖቹ ከአሰብ ሲሚንቶና ዱቄት ጭነው ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ባዶአቸውን ናቸው። ባዶ የሚወርድ መኪና ላይ ሰው የሚጭን ደላላ ለሹፌሩም ለመንገደኛውም ወዳጅ ነው። ዕቃና ነጋዴ አውርጃለሁ፤ ለትምህርት ባሕር የሚሻገር ሰው ግን ጭኜ አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ፤ ኮራሁም። ከደረሶቹ መሐል አንተ እንዳለህበት ስሰማ ደግሞ ኩራቱ መራራ ሆነብኝ።

የይለፍ ወረቀቱን ለማውጣት ደሴ ላይ ስንቴ እንደተመላለስን ታስታውሳለህ። አስተርጓሚው ደጉ እንኳ ሰልችቶት «እኒህ ልጆች ቁርኣን ለመቅራት ይህን ያህል ከሚለፉ እዚሁ አይቀሩም?» ብሎ ነበር። በመጨረሻ ለእያንዳንዳችሁ በስማችሁ አንዳንድ ወረቀት ተሰጣችሁ። ማኅተም ያለው፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ የሚያገለግል፣ ከጠፋም ከዘገየም የማይተካ። «የማይተካ» የምትለዋን ደጉ ሁለት ጊዜ ነው የተናገራት።

ከዚያ አሚር መረጣችሁ። በናንተ ደንብ መንገደኛ ያለ አሚር አይወጣም። አሚሩ የተናገረው ይሰማል፤ በምላሹ አሚር መጨረሻ ይበላል፣ መጨረሻ ይተኛል፣ ሁሉም ሳይሳፈር አይሳፈርም። የሰዎቹ አማና፣ አደራቸው ሁሉም በሱ እጅ ይሆናል። ስድስቱም ጓደኞችህ ባንድ አፍ «የሱፍ» አሉ። ከሁሉ የበለጠ የቀራህ ስለሆንክ አልነበረም፤ ትዕግሥትህን ስለሚያውቁ ነው። ወረቀቶቻቸውን አምጥተው እጅህ ላይ አኖሩ፤ አንተም በኪታብህ ማኅደር ከተህ ደረትህ ላይ አንጠለጠልክ። ክርስቲያኑ እኔ እንኳ ደንባችሁን ወደድኩት። አማናውን የሚይዘውና መጨረሻ የሚሳፈረው አንድ ሰው ሲሆን ምን ጉድ እንደሚፈላ ለማን ታየው? ለሸሁ አልታያቸውም፤ ለኔም፣ ለመኪና ሰው ተብዬው፣ አልታየኝም።

የዚያን ዕለት ጧት አንተም የነበርክበት ስለሆነ ባጭሩ። ጓደኞችህ ሜዳው ላይ ሲነጋ ጀምረው መንዙማ ያዜማሉ። ሹፌሩ ጣሊያን ሙቀቱ ሳይበረታ ባቲን ልለፍ ብሎ ይቁነጠነጣል፤ ግን ዜማው ሳይገባውም አልቀረም፣ መሪውን በጣቱ ይመታ ነበር። አንተ አንዱን ደግፈህ ታወጣለህ፣ የሌላውን ጥቅል ታቀብላለህ። ሁሉም ወጡ። አንተ የሸሁን እጅ ስመህ ዱዓ ተቀበልክ። ከዚያ ወደኔ ዞረህ «ብሩ፣ አንተም አውፍ በለኝ፤ ይቅር በለኝ» አልከኝ።

«ምን በድለኸኝ?»

«ኧረ አቦ፣ ዝም ብለህ በል!»

«በል አውፍ ብያለሁ።»

ይኸን ስንባባል ነው ካሚዮኑ የተነሣው። ሮጥክ። እኔም ሮጥኩ፤ ሸህ በሺርም በዚያ ዕድሜያቸው ከዘራቸውን እያወዛወዙ ሮጡ። ከላይ ያሉት ልጆች የመኪናውን ጣሪያ በመዳፋቸው ይደበድባሉ፤ ይጮኻሉ። ጧቱን ሙሉ ሲያዜሙ ለሰማው ጣሊያን ይህ የድቤ ምት ነው። ከላይ ከነበሩት አንዱ፣ ዘይኑልአቢዲን፣ በኋላ እንደነገረኝ፣ እነሱ ጣሪያውን በመቱ ቁጥር ሰውዬው በመስኮቱ እጁን አውጥቶ እያጨበጨበ ነበር የሚነዳው።

አሁን እናትህም ይስሙት፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አቧራው ውስጥ ቆመህ ሳይህ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! ቀረ፣ እግዜር አስቀረልኝ አልኩ በሆዴ። አትሂድብኝ ብዬህ አላውቅም። መኪና ፈላጊው እኔ፣ ሸኚው እኔ፣ በምን አፌ እላለሁ? ካንተ ሌላ ወንድም የለኝም፤ ይህንንም በአፌ ነግሬህ አላውቅም። ከዚያ ፊትህን አየሁት። እጅህ ደረትህ ላይ ነበር፣ ማኅደሩ ላይ። «ወረቀታቸው እኔ ጋ ነው» አልክ። ደስታዬ የቆየው ያን ያህል ነው።

የሚወርድ ሌላ መኪና ፈልጌ አጣሁ። አንተ ደግሞ መቼ ጠብቀህ! እስከ ባቲ ከገበያተኛ ጋር፣ ከባቲ ቁልቁል ከአፋር ግመለኞች ጋር ወረድክ። እኔ መንገዱን ስለማውቀው ነው ዛሬ እርር የምለው። ግመለኞቹ የሚሄዱት በድሮው በጨው መንገድ ነው፤ ካሚዮኑ የሚሄደው በአዲሱ። ጓደኞችህ በረሃው ላይ ካለው ኬላ ሲደርሱ «ወረቀት!» ተባሉ። ምን ያሳዩ? ዘበኞቹ ከመኪናው አወረዷቸውና ወደ ላይ በሚወጣ ሌላ ካሚዮን፣ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ አስቀምጠው ወደኛ መለሷቸው። እነሱ ሽቅብ ሲመጡ አንተ ከወዲያ ባለው መንገድ ቁልቁል ትወርድ ነበር። ሳትተያዩ ተላለፋችሁ። ሜዳው ላይ ነጭ ዱቄት መስለው ከመኪና ሲወርዱ ሳይ እውነቴን ነው የምልህ፣ እነሱ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የማለቅሰው እኔ ነኝ። ዘይኑልአቢዲን መጀመሪያ የጠየቀኝ «አሚሩ የት አለ?» ብሎ ነው። በጣቴ የባቲን መንገድ አሳየሁት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ከሹፌሮች ነው የምሰማው። አሰብ ወደብ ላይ አንድ ደረሳ አለ አሉ። ጀልባው የሚታሰርበት ድንጋይ አጠገብ ማኅደር ታቅፎ ይቀመጣል። ከደጋ የወረደ ካሚዮን በመጣ ቁጥር ሮጦ ኋላውን ይፈትሻል። የጀልባው አለቃ «ና ግባ፣ ወረቀትህ ደኅና ነው» ሲለው፣ «ሰዎቼ አልተሳፈሩም» ይላል። አንድ ሹፌር ይህን ሲያወራ ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ አልመጣልኝም።

ምን አላደረግኩም? ደጉን ይዤ ደሴ ወጣሁ። ሌላ ወረቀት ለልጆቹ ስጡልን አልን። «ተሰጥቷቸዋል» ተባልን። በስልክ ሽቦ ወደ አሰብ መልእክት ላኩልን አልን። ጣሊያኑ ሹም ምን እንደምንል ደጉን እንደገና ጠየቀውና አብሮት ላለው ሰው ነግሮ ሳቁብን። እኔ ራሴ ልውረድ አልኩ፤ እኔም ወረቀት የለኝም፤ ለማውጣት ቢያንስ ክረምቱ ይገባል። ስንቱን መንገደኛ የላክሁ ሰውዬ አንድ ኬላ ማለፍ አቃተኝ። ማታ ማታ ሥርጉት «ብላ እንጂ» ትለኛለች፤ ትቆጣኛለች፤ ከዚያ እሷም ትተወዋለች።

ቀኑም እያለቀ ነው። ዛሬ ማኅደሩን ይዘህ ብትነሣ እዚህ እስክትደርስ፣ ልጆቹም ተመልሰው እስኪወርዱ፣ የወረቀቶቹ ጊዜ ያልፋል። ለሹፌር አደራ ብትሰጥም ያው ነው፤ ደግሞ አትሰጥም፣ አውቅሃለሁ። ባሕረኞቹም ነፋሱ ሊዞር ነው፣ ከዚህ ጀልባ ወዲያ ለወራት የሚሻገር የለም እያሉ ነው አሉ። ስለዚህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ተመልሰህ ሁላችሁም ትቀራላችሁ፣ ወይ አንተ ብቻህን ትሻገራለህ። ሦስተኛ ነገር ፈልጌ ራሴን አዞረኝ፤ የለም።

ሸህ በሺር ትናንት ከቢስቲማ መጡ። ስድስቱንም ሰብስበው ግቢዬ ውስጥ አስቀመጧቸው። «አሚርን የሾመው ጀማዓው፣ ጓደኛው ሁሉ ነው፤ የሚፈታውም ጀማዓው ነው» አሉ። «ግን የአንድ ሰው ቃል ከጎደለ አይፈታም። እሱም ወሬ አላምንም ካለ እውነቱን ነው። እያንዳንድሽ፣ እሱ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ነገር ለብሩ ንገሪውና ይጻፍ።» ሸሁ ሲቆጡ ወንዱን ሁሉ በሴት እንደሚጠሩ ታውቃለህ።

ስለዚህ እነሆ። የሐርቡው ልጅ እንዲህ ይላል፦ ወባ ይዞት መንገድ ላይ በወደቀ ጊዜ እስከ መስጊዱ ተሸክመኸው ሄደህ፣ ለሰው ግን «በእግሩ ነው የመጣው» አልክ። የኩታበሩ ልጅ ደግሞ፦ ከቤቱ የመጣለትን በሶ ደብቆ ሲበላ አይተኸው፣ አይቼሃለሁ ሳትለው ውኃ አምጥተህ አጠገቡ አስቀመጥክለት። ሌሎቹም ነገሩኝ፤ በዚህ ወረቀት ጀርባ በየስማቸው አስፍሬዋለሁ። አምስቱም መጨረሻ ላይ «አሚርነቱን አውርጄለታለሁ፣ ይሻገር፣ አውፍ ብዬዋለሁ» ብለዋል።

ዘይኑልአቢዲን ቀረ። መሬት መሬቱን እያየ፣ «ለሸሁ ኪታብ ሳሰማ ከኋላዬ ተቀምጦ የጠፋብኝን ሹክ ይለኝ ነበር» አለ።

ሸህ በሺር «አውቅ ነበር» አሉ። «ጆሮዬ ገና አልደከመም። እሺ፣ ትፈታዋለህ?»

«አልፈታም!»

«ወላሂ አልፈታም» አለ ልጁ። «እኔ ካልፈታሁት አይሳፈርም። ካልተሳፈረ ይመለሳል።»

እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? ተነሥቼ ልስመው ነበር። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቀድሜ ጽፌ በኪሴ ይዤው ነበር፤ «ቶሎ ተመለስ» ነው የሚለው። ልጁ አፍ ሆነልኝ። ሸሁም ማስገደድ አይችሉማ።

ያኔ ነው እናትህ የተናገሩት። እትዬ ኡሙሰልማ ከደሴ ቁልቁል በእግራቸው ወርደው እኛ ቤት ከሰነበቱ ወዲህ፣ የካሚዮን ድምፅ ሲሰሙ ከመነሣት በቀር ብዙም አይናገሩም ነበር። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ዘይኑልአቢዲን አጠገብ ተቀመጡ።

«አብሽር፣ አይዞህ የኔ ልጅ» አሉት። «ትወደዋለህ?»

«እወደዋለሁ።»

«እኔስ?»

ልጁ በጣቱ መሬቱን ጫረ።

«እኔ ወልጄዋለሁ። ባሕር ከተሻገረ ዳግመኛ ላየው አላየው አላህ ያውቃል፤ ጉልበቴንም ታየዋለህ። እኔ የወለድኩት ከፈታሁት፣ አንተ ምነው ያዝከው?»

ዘይኑልአቢዲን ፊቱን በጉልበቱ መሐል ቀበረ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ፈትቼዋለሁ፤ ይሂድ» አለ። የሚሰማ አይደለም፤ ግን ሸሁ ሰሙ፣ ሁላችንም ሰማን። እኔንም እናትህ ዞር ብለው አዩኝና «ብሩ፣ ያን በኪስህ ያለውን አንብብልኝ» አሉ። እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም። አነበብኩ። «ቅደደው» አሉኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ልጅዎን አይፈልጉም?» አልኳቸው። አፌ ነው፤ አመለጠኝ።

«እፈልጋለሁ፣ ወንድሜ። ከኔ በላይ ማን ይፈልጋል? ግን ቢመለስ ከነዚህ ልጆች ፊት ምን ብሎ ይቆማል? ሰባቱም ቀሩ ከምባል አንዱ ኪታቡን ቀርቶ፣ ተምሮ ይምጣ። ተሳፈር በለው።»

«ሰዎቼ ካልተሳፈሩ አልሳፈርም ይላል እኮ።»

ትንሽ አሰቡና «ወረቀታቸው ከሱ ጋር አይደለም?» አሉ። «ወረቀታቸው ከሱ ቀድሞ ጀልባው ከገባ፣ ሁሉም ተሳፍረዋል በለው። ማኅተም ያለው ስማቸው ነው፤ ሌላ ምን ይፈልጋል?»

ሸህ በሺር ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ዘረጉ። ዱዓ ሊያደርጉ መስሎኝ ነበር፤ የእናትህን እጅ ሊስሙ ነው። ስድስቱም «አሚን» አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር አልኩ።

እንግዲህ የተላክሁት ይህ ነው። ጓደኞችህ አንድ ነገር ብቻ ለመኑህ። ዘቢድ ገብተህ እዚያ ባለው ሸህ ፊት መጀመሪያ በተቀመጥክ ቀን ኪታቡን ከመክፈትህ በፊት የእያንዳንዳቸውን ስም ጥራ። የጠራኸው ሁሉ እንደ ቀራ ይቆጠርለታል ብለዋል። እውነት ይቆጠር እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ሸህ በሺርም አይቆጠርም አላሉም።

ይህን ደብዳቤ የሚይዝልህ ማን እንደሆነ ስነግርህ እንዳትናደድ። ያው ጣሊያን ነው። ነገ የሚወርደው እሱ ብቻ ነው። በደጉ በኩል ያን ቀን የሆነውን ሳስረዳው ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለ፤ ከዚያ የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ እየመታ አንድ ነገር ተናገረ። ደጉ «ሙዚቃ መስሎኝ ነበር እያለ ነው» አለኝ። ደብዳቤውን በሸሚዙ ውስጥ ይዞ ሊያደርስልኝ ቃል ገባ። ያድርሰው አያድርሰው፣ ጀልባው ይጠብቅህ አይጠብቅህ፣ አላውቅም። ካሁን በኋላ ላደርግ የምችለው ሜዳው ዳር መቆም ብቻ ነው፤ መቆሙን ደግሞ ለምጄዋለሁ።

ደርሶህ ካነበብከው እንዲህ አድርግ። ወደ ጀልባው ሂድ። መጀመሪያ ማኅደሩን ለባሕረኛው አቀብል። ስማቸውን አንድ በአንድ ጥራ፣ ዘይኑልአቢዲንን መጨረሻ አድርገው፣ እንዲያ ብሎሃል። ሁሉም ከገቡ በኋላ አንተ ግባ። ደንብህ አልፈረሰም፤ መጨረሻ የተሳፈርከው አንተ ነህ። ወደ ዳርቻው ዞረህ የቀረ ሰው እንዳለ አትፈልግ። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አሳፋሪ እንጂ ተሳፋሪ ሆኜ አላውቅም።

አውፍ ብዬሃለሁ፤ አሁን ለምን እንደጠየቅከኝ ገብቶኛል።

ወንድምህ ብሩ